በግራ እጅ የተጠረገው አዳራሽ

እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የምስቀው ሰው ነኝ፣ ጓደኞቼ ስለ ቀሐ ወንዝ ጋኔን ሲያወሩ «ለምን ፎቶ አታነሱትም?» እያልኩ የማበሽቃቸው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ይኼን ከእኔ ስትሰሙ ቢያንስ አትሳቁብኝ፣ እሺ?

እማዬ አዘዞ ውስጥ ባለ አንድ የሰርግ አዳራሽ ጠራጊ ናት። ባለፈው ጥር ሥራ አስኪያጁ እየተገፋ የሚሄድ፣ በባትሪ የሚሠራ መጥረጊያ ማሽን አመጣና «ነገ ጠዋት መጥቼ አያለሁ፣ በዚህ መጥረግ ከቻልሽ ትቀጥያለሽ፣ ካልቻልሽ የሚችል እቀጥራለሁ» አላት። አሥራ አንድ ዓመት ለሠራችበት ቤት! እኔም ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄጄ የእንግሊዝኛውን መመሪያ እያነበብኩ አስነዳኋት፣ ኧረ ነዳችው ብላችሁ! እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያለች አዳራሹን አጋመሰችው፣ ከዚያ ማሽኑ አቃሰተና ቀጥ አለ።

ክዳኑን ስከፍተው የአቧራ ማጣሪያው ጭቃ ሆኗል።

«እማ፣ ውሃ ረጭተሽ ነበር እንዴ?»

«ታዲያ ሳይረጭ ይጠረጋል? አቧራው ይቡነን?»

(«እርጥብ ወለል ላይ አትጠቀሙ» የሚለው ገጽ ሦስት ላይ ነበር፣ እኔ የጀመርኩት ከገጽ አምስት ነው፣ ይኼን ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም።)

ዘበኛው አያ ሞላ በበሩ ብቅ ብለው «ምነው ጥሩዬ፣ ማኪናይቱን ጭቃ አጎረስሻት?» ብለው ሳቁ። እማዬ አልሳቀችም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ባትሪውን ነቅዬ አወጣሁት፣ ልብ በሉ፣ ባትሪው መሬት ላይ ነው። ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን፣ ከሰርግ ቀሚሶች የረገፈ የጥልፍ ክር በመቀስ ስቆርጥ፣ እመኑኝ፣ ብሩሹ ቀስ ብሎ ዞረ፣ የሚገርመው አልደነገጥኩም፣ የዞረው ልክ ቀጣዩ ክር ወደ እጄ እንዲመጣ ነውና፣ ሹሩባ ስትሠሩላት ጭንቅላቷን እንደምታዞርላችሁ ልጅ።

ከዚያ ሦስታችንም ማጣሪያውን ይዘን ደጃፉ ላይ ተቀመጥን፣ አዳራሹ ሌላ በር የለውም። ፀሐይዋ እየገባች ነው፣ እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ታደርቃለች፣ እኔ በካርቶን አራግባለሁ። ያኔ ከውስጥ ሸር፣ ሸር፣ ሸር የሚል ድምፅ መጣ፣ የእጅ መጥረጊያ ድምፅ።

«ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አሉ አያ ሞላ።

«ኧረ እኛው ብቻ ነን፣ አያ» አልኩ።

ስንገባ የቀረው ግማሽ ተጠርጓል። እርጥቡ ወለል ላይ የመጥረጊያው ፈለግ ግማሽ ጨረቃ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ይታያል፣ ሁሉም ከግራ ወደ ቀኝ። እማዬ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

«እትዬ ብርቄ» አለች።

እትዬ ብርቄ እማዬን ሥራውን ያስለመዷት፣ በግራ እጃቸው የሚጠርጉ ሴት ነበሩ፣ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች፣ በቃ፣ እንስራ ያሸከሟት ይመስል።

በነጋታው ማጣሪያው ደርቆ ተገጠመ፣ ማሽኑ ሥራ አስኪያጁ ፊት እያጉረመረመ ሄደ፣ እማዬም ሥራዋ ላይ ቀረች!

አሁን ሳግዛት ከመድረኩ ጀርባ ያለው ጥግ ጋ ስትደርስ ማሽኑን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። «እማ፣ ያን ተውሽው እኮ» ስላት፣ «ድርሻቸውን ልንጠቃቸው?» ብላ ትቆጣኛለች። ትናንት ስንወጣ እዚያ አቧራ ላይ በጣቴ ስሜን ጻፍኩበት፣ ለመፈተን ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ጎራ ብዬ አየሁት፣ ጥጉ ተረጭቶ ተጠርጓል፣ ስሜ ብቻ፣ ዙሪያውን በጥንቃቄ ተጠርጎለት፣ አንድም ፊደል ሳይነካ ቀርቷል።