አሥር ኪሎ በረዶ

«ክፈቺው እንጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ሜርቭ።

ማርኒ በረንዳው ላይ ተንበርክካለች። ፊት ለፊቷ ሁለት የበረዶ ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ከጎረቤታቸው ከኮቢ ቤት በውሰት የመጣ ነው፤ ነጭ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መቆለፊያው የሚያብረቀርቅ። ሌላውን አያቷ ሜርቭ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ የማዕድን ማውጫው መካኒክ ሳለ፣ ከተጣለ ማቀዝቀዣ ላይ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ሆዱን በፎም ጠቅጥቆ በገዛ እጁ ሠርቶታል። አረንጓዴ ቀለም ቀብቶት ነበር፤ አሁን ግማሹ ተልጧል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ማርኒ በሁለቱም ውስጥ አሥር አሥር ኪሎ በረዶ ጨምራ ዘጋቻቸው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ነጩን ከፈተችው። ውሃ ብቻ ነው። እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ብትዳብስም የበረዶ ዘር የለም። አረንጓዴውን ስትከፍት ግን ቡጢ የሚያካክሉ አራት የበረዶ ቁራጮች ሲንሳፈፉ አገኘች።

ሜርቭ ቆቡን አወለቀ፤ ራሱን አከከ፤ ቆቡን መልሶ አደረገ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው። ለሥጋ ሻጩ ነገረ፤ ለፖስተኛዋ ነገረ፤ ከአጥሩ ማዶ ውሻዋን ስታጥብ ለነበረችው ሴትዮም ነገረ። «የልጅ ልጄ ናት የፈተነችው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። «ወረቀትና እርሳስ ይዛ፣ ሰዓት እየቆጠረች። እንደ አንዳንዱ በአፍ ብቻ አይደለም።» ማርኒ በመስኮት በኩል ትሰማዋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰው እንዲህ ሲኮራባት ሰምታ አታውቅም። ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት።

ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። በየዓመቱ በመስከረሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት ቤተሰቡ ከሚኖርባት የማዕድን ከተማ፣ ከማውንት አይሳ፣ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ለስምንት ቀን ድንኳን ነው። መብራት የለም፣ ሱቅ የለም፤ ያለው ሙቀትና ዓሣ ነው። በረዶው ካለቀ ሽርሽሩም አለቀ ማለት ነው። አምና ደግሞ በአምስተኛው ቀን አለቀ። ማርኒ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘችው ባራመንዲ፣ ሰማንያ አራት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ዓሣ፣ ሸተተ። ጉድጓድ ቆፍራ ስትቀብረው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ድንኳኑን ነቅለው ከቀናቸው ሁለት ቀን ቀድመው ተመለሱ።

ዘንድሮ፣ ባለፈው እሁድ ጠዋት፣ እናቷ ጃኔል ጠርታ አስቀመጠቻት። ጃኔል ማዕድን ማውጫው ውስጥ ቤት የሚያህል የጭነት መኪና ነው የምትነዳው፤ ነገር ማስረዘም አትወድም። «እንደ ኮቢ አባት ያለውን ሳጥን ለመግዛት የአንድ ሳምንት ደመወዜ ይሄዳል» አለቻት። «እኔ ስለ ሳጥን አላውቅም። በረዶ የምትጭኚው አንቺ ነሽ፣ ይኸው ሦስት ዓመት ሆነሽ። ዋጋው ይገባዋል ካልሽ እገዛለሁ፤ አይገባውም ካልሽ ይቀራል። የሱቁ ቅናሽ ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።» ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ አትመለስም። በዚህ ቤት እስከዚያ ቀን ድረስ ማርኒ ያለ አማካሪ የወሰነችው ትልቁ ጉዳይ ፒሳው ላይ አናናስ ይግባ አይግባ የሚለው ነበር።

እና ሐሙስ ዕለት ሜርቭ ስልክ ደወለ። «አሮጌው አሸነፈ» አላት ለልጁ ለጃኔል።

«ማርኒ ናት ያለችው?»

«ራሷ።»

«እሷ ካለች አለቀ። አንገዛም» አለች ጃኔል።

ቀትር ላይ ኮቢ የአባቱን ሳጥን ሊወስድ መጣ። ማርኒና ኮቢ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፤ ሲገናኙ መፎጋገር እንጂ ሰላምታ አያውቁም።

«ኧረ ተይ፣ ያንን ሁሉ ብር የበላ ሳጥን በቆርቆሮ አስደበደብሽው?» አላት። «አባዬ ሲሰማ ምሳውን አይበላም።»

ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ኮቢ አባት ፒካፕ ወሰዱት። መኪናው ቀኑን ሙሉ ኮቢ ቤት ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። ማርኒ ሳጥኑን ልታስደግፍ እጇን የመኪናው ጀርባ ላይ ስታሳርፍ ላሜራው ፈጃት።

«ቀስ በይ፣ ምጣድ እኮ ነው» አለ ኮቢ። «እሁድ ስናወርደውም እንዲሁ አቃጥሎሽ ረሳሽው? ክዳኑን በፎጣ አይደል የያዝነው።»

ማርኒ ባለችበት ቆመች። አልረሳችውም። እሁድ ዕለት ይህንን ሳጥን ከዚህ ላሜራ ላይ አንሥተው፣ እንደጋለ በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ እሷ በዚያው ቅጽበት በረዶውን ገለበጠችበት።

በእነ ማርኒ ቤት የዋዜማ በረዶ የሚባል ሕግ አለ። ከጉዞው አንድ ቀን በፊት አንድ ከረጢት በረዶ ባዶው ሳጥን ውስጥ ይፈሳል፤ ሥራው የሳጥኑን ግድግዳ አቀዝቅዞ መሞት ነው። በማግስቱ ውሃው ተደፍቶ ዋናው በረዶ ይገባል። እንዲያ ካልተደረገ የሞቀው ግድግዳ ዋናውን በረዶ ገና በመጀመሪያው ቀን ይበላዋል። ሜርቭ ይህን ያስተማራት የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አምና እናቷ ልትረሳው ስትል ማርኒ ተቆጥታታለች። አረንጓዴው ሳጥን ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ ቀዝቃዛው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በረዶ የሆኑ የውሃ ጠርሙሶች በሆዱ ይዞ ነበር።

«ተበላሸ» አለች። «ፈተናው እንዳለ ተበላሽቷል። አንዱን አቀዝቅዤ ሌላውን አግዬ ነው ያወዳደርኳቸው።»

ኮቢ ነገሩ እስኪገባው ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። «እና ማን ያውቃል?» አለ። «አያትሽ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶታል። አሁን ሄደሽ ተሳስቻለሁ ብትዪ ቀሽም የምትባዪው አንቺ ነሽ። ለሳጥን ብለሽ።»

«ለሳጥን አይደለም» አለች ማርኒ። እናቷ በስልክ «እሷ ካለች አለቀ» ያለችው ነው ጆሮዋ ላይ የቀረው። ዝም ብትል እናቷ፣ ማርኒ ስህተት መሆኑን የምታውቀውን ውጤት አምና ትቀበላለች። ብትናገር የሜርቭ ደስታ በአንድ ቀን ዕድሜው ይቀጫል፤ የእሷም ስም አብሮ።

«ሳጥኑ እስከ ቅዳሜ እኛ ጋ ይቆይልኝ» አለችው።

ሜርቭ ጋራዡ ውስጥ ነበር። የአረንጓዴውን ክዳን በዘይት ጨርቅ እየወለወለ ያፏጫል። ማርኒ በሩ ላይ ሆና ሁሉንም ነገረችው፤ የጋለውን ላሜራ፣ ፎጣውን፣ የተረሳውን የዋዜማ በረዶ። ማፏጨቱን አቆመ እንጂ ቀና ብሎ አላያትም። ቀና አለማለቱ ነው ያስጠረጠራት።

«አባባ፣ እሁድ በረዶውን ስገለብጥ በረንዳው ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«አይተኸኛል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሜርቭ ጨርቁን አጣጠፈ። «አይቼሻለሁ» አለ። «መጀመሪያ፣ አሁን ታስታውሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳታስታውሺ ስትዘጊው... ዝም አልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንን ሳጥን የረታው የለም፣ ማርኒ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያሸንፍ ምናለ አልኩ።»

ማርኒ ተናደደች። እንዲህ ተናዳበት አታውቅም። «እኔ እኮ በእኔ የኮራህ መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ በሳጥኑ ነው።»

ይህችኛዋ ቃል ሜርቭን አገኘችው። ተነሥቶ ከፍሪዘሩ ሁለት ከረጢት በረዶ አወጣና አንዱን አቀበላት።

«አሁን ካፈሰስነው ለነገ ጠዋት ይደርሳል» አለ። «አራት ቀን ግን አታገኚም። በአንድ ቀን ምን ልትለኪ ነው?»

«ውሃውን» አለች ማርኒ፤ አሁንም አኩርፋለች። «የቀለጠውን።»

ሐሙስ ማታ ለሁለቱም የዋዜማ በረዶ ተሰጣቸው። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውሃውን ደፍታ፣ አሥር አሥር ኪሎ መዝና፣ አንድ ጥላ ሥር አስቀምጣ ዘጋቻቸው። ቀኑን ሙሉ ክዳን የነካ አልነበረም። ሜርቭ እንኳ ወንበሩን አርቆ ነው የተቀመጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ጃኔል ቀይ አቧራ የጠጣ ቦቲዋን ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ደረሰችባቸው። ማርኒ የአረንጓዴውን የውሃ መውጫ ቡሽ ነቅላ በኩባያ እየቀዳች ነበር። የሚቆጥረው ሜርቭ ነው፤ ይቁጠር ያለው የለም፣ ራሱ ነው የጀመረው።

«...ስምንት። ዘጠኝ» አለ። ቡሹን መለሰች። ወደ ነጩ ዞሩ። «አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።» ቀጣዩን ጠበቀ። ከመውጫው ጠብ ያለ የለም። «አምስት» አለ እንደገና፣ ጮክ ብሎ፣ ልጁ እንድትሰማ።

«አንድ ኩባያ ሩብ ኪሎ ነው» አለች ማርኒ ለእናቷ። «አሥር ኪሎ አርባ ኩባያ። የአባባ በቀን ዘጠኝ ካቀለጠ በአምስተኛው ቀን ያልቃል፤ አምናም ያለቀው እንዲያ ነው። ነጩ ስምንት ቀን ይሄዳል። ሐሙስ የነገርንሽ ልክ አልነበረም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጃኔል ልጇን አየች፤ አባቷን አየች። ሜርቭ ጫማውን ያያል።

«ታዲያ ምን ትያለሽ?» አለች።

«ሱቅ ሄጄ አይቼው እነግርሻለሁ።»

አምስት ሰዓት ላይ ሦስቱም የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫው ገቡ። ቅዳሜ ነውና ሱቁ ሰው በሰው ነው፤ ግማሾቹ የሜርቭ የመጠጥ ወዳጆች። ሻጩ ገና ሲያየው መሣቅ ጀመረ።

«ና እስቲ ሜርቭ፣ ገበያዬን ዘጋህብኝ እኮ። ያ ቆርቆሮህ ይኼንን ረታው አሉ?»

ማርኒ አንገቷን ደፋች። ሜርቭ ግን ቆቡን አወለቀ።

«አልረታውም» አለ፣ ጥግ ያሉትም እስኪዞሩ ድረስ። «ፈተናው ስህተት ነበረበት። እኔ ስህተቱን እያየሁ ዝም ብዬ ሰፈሩን በጉራ አዳረስኩ። እሷ ራሷ አገኘችው፣ ራሷ አፈረሰችው፣ ራሷ እንደገና ሠራችው። አሁን ንገረኝ፣ እዚህ ካለነው ሽማግሌዎች ያጨበጨቡለትን ነገር በእጁ የሚያፈርስ ማን አለ?»

አንዱን የመጠጥ ወዳጁን ሳል ቢጤ ያዘው። የማርኒ ጆሮዎች ቀሉ፤ አንገቷ ግን ሳታውቀው ቀና አለ።

ሻጩ የኮቢን አባት ሳጥን የሚመስል አዲስ ነጭ ሳጥን ወደ ሜርቭ አስጠጋ። «እንግዲህ ይኼ በረዶ አሥር ቀን...»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለው ሜርቭ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ከማርኒ ጀርባ ቆመ። «ለባለጉዳይዋ ንገራት።»

ማርኒ ክዳኑን ከፈተች። በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ጎማ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ዞረችው፤ የተላቀቀ ቦታ የለም። ቡሹን አጠበቀች፣ አላላች። ጃኔል ወደ ሌላ ዞራ የማጥመጃ መንጠቆ የምትመርጥ ትመስላለች።

«አሥር ቀን አይቆይም» አለች ማርኒ ለሻጩ። «በእኛ ሙቀት ስምንት ነው።»

ሻጩ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ሜርቭን አየና ተወው።

ማርኒ ክዳኑን ዘጋች። «ዋጋው ይገባዋል» አለቻት እናቷን። አጎንብሳ አንደኛውን እጀታ ያዘችና አያቷ ሁለተኛውን እስኪይዝ ጠበቀችው።