የመጀመሪያው ብርጭቆ

ተዋናይቷ መድረኩ ላይ፣ ከዳኛው ጠረጴዛ ሥር በጎኗ ተጋድማለች። ብርጭቆው ሳይሰበር ተንከባሎ መጋረጃው ጥግ ቆሟል። ወይን እንዲመስል ቀለም የገባበት ውኃ በጣውላው ላይ ፈስሷል። ሐኪሙ ብርጭቆውን አሽትቶ «መርዝ ነው» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እንቅልፌ» ይሏታል። ዓይኖቿ ሁልጊዜ ግማሽ ክድን ናቸው፤ ይህን አይተው የተዘናጉ ብዙ ሰዎች ዛሬ እስር ቤት ናቸው። የቲያትር ቤቱን በር አስዘጋች። በዚያ ጠዋት በመድረኩ ያለፉት ከሟቿ ሌላ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እንዳይነጋገሩ በየክፍሉ ለያየቻቸው።

ከመድረክ ዕቃ ኃላፊዋ ጀመረች።

«ብርጭቆውን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ። ጠዋት ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ልምምዱ ሲከፈት የሚጠጣው እሱ ነው፤ ሁለተኛው በኋላ ነው የሚቀዳው።»

«ከዚያ በኋላ ማን አጠገቡ ደረሰ?»

«ማን ያልደረሰ አለ! አዘጋጁ ወንበር አስተካከለ። ተተኪዋ ቃሏን እያጠናች ተንጎራደደች። ደራሲው፣ የሟቿ አባት ማለቴ ነው፣ የልጃቸውን ሹራብ ሊያቀብሉ መጡና በዚያው ወደ ሻይ ቤት ወጡ።» ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልንገርሽ? ጩኸት ሰምተው ሮጠው ሲመጡ፣ በሩ ላይ አዘጋጁን አይተው ክው አሉ። ልጃቸውን እኮ ገና አላዩዋትም!»

ተተኪዋ ተዋናይት ያለቀሰችበት ፊቷ ሳይደርቅ በቁጣ ጀመረች።

«ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው! ቦታዋን ፈልጌ የገደልኳት ይመስላቸዋል። ቦታው እኮ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ የእኔ ነበር። ልታገባ ነው፤ ከባሏ ጋር ሩቅ ልትሄድ ነው። ራሷ ናት ለእኔ ይሰጥ ያለችው። አዘጋጁን ጠይቂው!»

አዘጋጁ ዳኛውን የሚጫወተው ራሱ ስለሆነ ጥቁሩን ካባ እንደለበሰ ነበር።

«እውነቷን ነው» አለ። «ተስማምተን ጨርሰናል።»

«ከደራሲው ጋር ግን ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተን ነበር። በተዋንያኑ ፊት "ጋሼ፣ ይሄ ተውኔት ሳይሆን የእንቅልፍ ኪኒን ነው" አልኳቸው። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው። በሩን ደርግመውት ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ልምምድ አይተው አያውቁም። እኔም ቅርጹን ለወጥኩት። ልጃቸው የምትጫወታትን ሴት ሞት ከመጨረሻው አንስቼ መክፈቻ አደረግኩት። ተመልካች መጨረሻውን አስቀድሞ ካወቀ፣ ከዚያ በኋላ ዳኛው ብርጭቆ ባነሳ ቁጥር የራሱ ጉሮሮ ይደርቃል። የተለወጠውን ጽሑፍ በፖስታ አሽጌ በልጃቸው እጅ ላክሁላቸው። "አባባ አንብቦ ወዶታል" ብላ መጣች።»

«አመንካት?»

«ገርሞኝ ነበር። ግን ደስ አለኝ፤ ዝም አልኩ።»

ደራሲው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን ያያል።

«አዲሱን ቅርጽ አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ። ጥሩ አድርጎታል። ከእሱ ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ይልቅ ያቺን ተተኪ ያዙልኝ!»

«ልጅዎ ያን ብርጭቆ ለምን አነሳች?»

«ምን አውቄ! ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠጣ ነገር አይታ አታልፍም። ጠምቷት ይሆናል።»

የእንቅልፌ ዓይኖች ለአፍታ ተገለጡና ተመልሰው ተከደኑ።

አመሻሽ ላይ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ እርጥቡ ጣውላ ግን ገና አልደረቀም።

«ልምምዱን ከመጀመሪያው እናየዋለን» አለች። «ማንም አይናገር። ጋሼ፣ ድርሰቱ የእርስዎ ነው፤ ቀድሞ የሚገባውን ሰው እርስዎ ይጥሩልን።»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዳኛው ይግባ።»

አዘጋጁ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ተተኪዋ ግን በሟቿ ቦታ ልትገባ ቀድማ መጋረጃው ጋ ቆማ ነበር። የዕቃ ኃላፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከጠዋት ጀምሮ ልጅቷን ማን ጠላት ስንል ዋልን» አለች እንቅልፌ። «የጠላት ሰው የለም። ቦታዋን የምትፈልገውም ቦታውን አግኝታለች። ስለዚህ መርዙ መንገድ ስቶ ይሆናል አልኩ። በድሮው ድርሰት የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሚጠጣው ማን ነበር?»

«እኔ» አለ አዘጋጁ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«በአዲሱስ? ልጅቷ ናት። አዲሱን ቅርጽ የሚያውቅ ሰው አንተን ሊገድል ቢያስብ፣ ያን ብርጭቆ አይነካውም። እነዚህ በየቀኑ ሲለማመዱት ከርመዋል። ጋሼ ግን "አንብቤዋለሁ" አሉኝ። ያነበበ ሰው ደግሞ "ልጄ ጠምቷት ጠጣች" አይልም። በሩ ላይ የደነገጡትም ሬሳ ሆኖ ይጠብቀኛል ያሉትን ሰው በእግሩ ቆሞ ስላዩት ነው።»

ባርኔጣው ከሽማግሌው እጅ ወደቀ።

«ፖስታውን አልከፈትኩትም» አለ። «የሰደበኝን ሰው ጽሑፍ አላነብም አልኳት። እሷ ምን ብላ እንደመለሰች...»

«ልታስታርቃችሁ ዋሸች። ባትዋሽ ኖሮ አዘጋጁ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ይነግርዎት ነበር።»

«የለም፣ የለም። ጠምቷት ነው። ውኃ ስትወድ...»

«አልጠማትም፣ ጋሼ። "ትጠጣለች" ብለው ስለጻፉ ጠጣች።»

ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት። የመድረኩን ደረጃ ሊወርድ ሲል ቆመና ወደ አዘጋጁ ዞረ። በውስጡ ያለው ደራሲ አባትየውን ቀደመው።

«መክፈቻው... እንዴት ነበር? ያምር ነበር?»

አዘጋጁ ካባውን ቀስ ብሎ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ስትወድቅ» አለ፣ «ሁላችንም አጨበጨብን።»