የአበጀ ውሃ

ኮምፒውተሩን ዝጋው፣ ልጄ ይበልጣል። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። እናንተም ወደዚህ ቅረቡ።

የምትሠራውን የሚያስፈራ ጌም አየሁት። መንፈሱ ሲመጣ ሙዚቃ ላድርግበት ወይስ የሌሊቱን ድምፅ ብቻ ልተው ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ ጌም አላውቅም። የማውቀውን እነግርሃለሁ።

ድሮ ነው። አገሩን አልጠራውም። ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። በርበሬ ተክሎ ችግኙ ጠወለገበት። በዚያ አገር ቦዩ አንድ ነው፤ ውሃ የሚደርሰው በተራ ነው። ተራውን የሚሰጠው የውሃ አባት ነው። ተራው ያለፈበት ሰው አሥራ ሁለት ቀን ይጠብቃል። የጓንጉል ችግኝ አሥራ ሁለት ቀን አይቆይም። አራት ልጆች አሉት። ሌላ የሚበሉት የላቸውም።

ከሱ በላይ የአበጀ ማሳ ነበር። አበጀ ሞተ። ገና አርባው አልወጣም። ጓንጉል የውሃ አባት ዘንድ ሄደ።

«የአበጀን የሌሊት ተራ ለኔ ስጡኝ» አለ።

«አርባው ይውጣ እንጂ፣ ጓንጉል።»

«የሞተ ሰው በርበሬ ያጠጣል እንዴ?»

«ሚስቱስ?»

«እሷ በውድቅት ዶማ ይዛ ልትወጣ ነው?»

የውሃ አባት ዝም አሉ። ጓንጉል ዝምታቸውን እሺታ አደረገው።

ሄደ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለም። መንገዱ የቦዩ ጠርዝ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። እሱም ብቻውን ነው። ውሃው ወደ አበጀ ማሳ የሚገባበትን አፍ በጭቃ ደፈነ። ውሃው ወደ ራሱ ማሳ ወረደ። ተቀመጠ።

ምን ይሰማል? ውሃው ይሰማል። እንቁራሪት ይሰማል። ሌላ የለም።

ቆይቶ ከወደ ላይ ዶማ ሰማ። ድው። ድው። የሚቆፍረው ሰው አይቸኩልም። ድው።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ ሙዚቃ ይገባል።»

አይገባም። እዚህ ላይ ምንም አይገባም። ዝም ብለህ ስማ።

«ዝም በል ተብለሃል፣ ኢንጂነሩ!»

አንቺም ዝም በይ፣ ጥሩሰው። ወንድምሽን ተይው።

ጓንጉል ግን እንደ ይበልጣል ነው። ሙዚቃ አስገባበት። ዋሽንቱን ከጉያው አወጣና ነፋ። ሲነፋ ዶማው አይሰማውም። ቀለል አለው። አንድ ዜማ ጨረሰ። ዋሽንቱን አወረደ።

ድው። ድው። ቀርቧል።

ማን ነህ ቢል ማን ይመልስለታል? አላለም። ደግሞ ነፋ። ከበፊቱ አስረዝሞ ነፋ። አወረደው። ዶማው እሱ የደፈነው ጭቃ ላይ ደርሷል። ጭቃው ሲናድ ሰማ። ወደ ማሳው የሚወርደው ውሃ ድምፁ ቀጠነ። ውሃው እየሄደበት ነው። አሁን ተነሥቶ ካልመለሰው ችግኙ አለቀ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ተነሥታችሁ ታያላችሁ? ወይስ ትነፋላችሁ?

እሱ ነፋ። ዓይኑን ጨፍኖ ነፋ። ትንፋሹ እስኪያልቅ ነፋ። አወረደው።

ዶማ የለም። ውሃ የለም። እንቁራሪትም የለም። ምንም የለም። ምንም የማይሰማበት ሌሊት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አንድ ጊዜ አጋጥሞኛል። አልናገረውም።

ጓንጉል ያንን አልቻለውም። ዋሽንቱን ወደ አፉ መለሰ። ነፋ። አልጮኸም። ጣቶቹን ከቀዳዳዎቹ ላይ አነሣ። ነፋ። አልጮኸም። ምን ደፈነው ብሎ በጨለማው ዳበሰ።

በቀዳዳዎቹ ላይ ሌላ ጣት አለ። አራት ጣት። ቀዝቃዛ ነው። ጭቃ አለበት።

«ውሃዬን» አለው፣ በጆሮው።

ጓንጉል አልሮጠም። ቦዩ ውስጥ ገባ። በእጁ ጭቃ እየዘገነ የራሱን ማሳ አፍ ደፈነ።

ሲነጋ የውሃ አባት መጡ። የአበጀ ማሳ ጠግቧል። ጓንጉል ተንበርክኮ አሁንም ይደፍናል። ጥፍሮቹ ተነቅለዋል። «በቃህ፣ ተነሥ» አሉት። አልሰማም። ትከሻውን ይዘው አነሡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲጠራው አይሰማም። ልጁ ሲያለቅስ አይሰማም። በርበሬው ደረቀ። ሚስቱ ልጆቹን ለዘመድ አከፋፈለች። ትንሹን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

በሌሊት ውሃ ልታዞሩ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሁኑ። አንዱ ይቆፍር። አንዱ ዝም ብሎ ይስማ።