የመዲና እርሾ

ብርጭቆ አጥንት መሆንን ሊረሳ ይችላል? ዶክተር ስንዱ ከሳምንታት ወዲህ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።

በሻላ ሐይቅ ዳር በተቆረቆረችው ከተማ እግሩ የተሰበረ ሰው ብርጭቆ ይተከልለታል። ብርጭቆው በደም እየራሰ ይሟሟል፤ በሟሟበት ቦታ አጥንት ይበቅላል። በስድስት ሳምንት ብርጭቆው አልቆ አጥንቱ ይቀራል። ሕፃናት «ብርጭቆዬ አለቀ» እያሉ ሲሮጡ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ስንዱ ጃፓን አሥራ አንድ ዓመት ተምራ የማቅለጫ ክፍሉን ልትመራ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። አንዱን ሻንጣዋን እስካሁን አልፈታችም።

አሁን ግን ብርጭቆው መያዝ፣ አጥንት ማብቀል፣ ትቷል። ኑሪያ ጭን ውስጥ የገባው ሁለተኛው ቁራጭ ሃያ ቀን ሙሉ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ተቀምጧል። ኑሪያ ጀልባ ሠሪ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረዋታል፦ ሦስተኛው ካልያዘ እግሯ ይቆረጣል።

«ዶክተር» አለች ኑሪያ፣ ስንዱ መመርመሪያውን በጭኗ ላይ ስታሳልፍ፣ «ጃፓኖቹ ብርጭቆ ላይ የሚደግሙት ጸሎት ካለ አይደብቁን።»

«ያላቸው ቀመር ነው።»

«እሱንማ አየነው።»

ስንዱ ወደ ማቅለጫው ወረደች። እዚያ እሳት የለም። የሐይቁን አሸዋ፣ ሶዳውንና ኖራውን የሚያቀልጠው የድምፅ ሞገድ ነው፤ ጋኑ በእጅ ሲነካ ለብ ያለ ነው። ድብልቁን አራት ጊዜ መርምራዋለች። ከቀመሩ ዝንፍ አላለም።

ጋኑን ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ጋሽ ገመዳ ወንበራቸው ላይ ሆነው የጫማቸውን ክር ያስራሉ።

«ጋሽ ገመዳ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ያደርጉት የነበረ፣ አሁን የተውት ነገር አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። ፈርመሽ አስጠረግሽው።»

ያኔ ትዝ አላት። ሽማግሌው ከየቅልጡ አንድ ጭልፋ ጋኑ ውስጥ ያስቀሩና አዲሱን ይደፉበት ነበር። እርሾ ይሉታል። እሷ በተማረችበት ቤተ ሙከራ ያልታጠበ ጋን ነውር ነው፤ በመጣች በሳምንቷ በየቅልጡ መካከል እንዲፈገፈግ አዘዘች።

«ብርጭቆ ሊጥ አይደለም ብዬዎት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ብለሻል። ምክንያቱን ብትጠይቂኝ እኔም አላውቀው። ያልታወቀ ነገር ይዤ የተማረ ሰው ፊት እንዴት ልቁም?»

«ሁሉም ተጠረገ?»

ጋሽ ገመዳ ከቁም ሳጥናቸው የምሳ ዕቃ አወጡ። ውስጡ አውራ ጣት የምታህል ደብዛዛ ብርጭቆ አለች።

«ትእዛዝሽን አክብሬያለሁ» አሉ። «በዚህች ብቻ አላከበርኩም።»

ስንዱ አጉሊ መነጽሩ ሥር አስቀመጠቻት። እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፣ ክሩ ሁሉ ጭነት ወደሚበዛበት ያዘነበለ ንድፍ ነበር። ቀመር እንዲህ አያወጣም። የሰው አጥንት ንድፍ ነው። እሳት ስላልነካው አልጠፋም፤ አዲሱ ቅልጥ ከአሮጌው እየቀዳ ሠላሳ ዓመት ተሻግሯል።

«ይሄ የማን ነው?»

ጋሽ ገመዳ የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠሙ። «መዲና ሐመዱ የምትባል የአፋር ልጅ ነበረች። የጨው መኪና ትነዳ ነበር። የመጀመሪያዋ ታካሚ እሷ ናት። ብርጭቆው ትንሽ አጥንት አበቀለላትና ቆመ፤ እግሯ ተቆረጠ። ልንቀብረው ስንወጣ ጠራችኝ። ‹ብርጭቆውን አትቅበረው፣ ለሌላ ሰው ይሁን› አለችኝ። ይጠቅም አይጠቅም አላውቅም ነበር። ጋኑ ውስጥ ከተትኩት።»

ሦስተኛው ብርጭቆ በዚያች ቁራጭ ላይ ቀለጠ። በተተከለ በዘጠነኛው ቀን መመርመሪያው ቀጭን ነጭ መስመር አሳየ።

«ያሳክከኛል» አለች ኑሪያ በቁጣ። ስንዱ ሳታስበው ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰው ሲራመድ ባየች ቁጥር ትቆማለች። የከተማው ሰው ሁሉ የሚቆመው በማሽኑ ብልህነት መስሏት ነበር። የቆመው ግን ራሷ ባልዳነች አንዲት ሴት ንድፍ ነው፤ ንድፉን ደግሞ ያሻገረው ምክንያቱን የማያውቅ የሰው እጅ ነው።

ኑሪያ ከአልጋዋ የወረደች ዕለት ስንዱ ከአሮጌው መዝገብ የመዲናን አድራሻ ፈልጋ ጻፈች፦

«ወይዘሮ መዲና፣ ብርጭቆው አልተቀበረም። ዛሬ ጠዋት ኑሪያ የምትባል ልጅ በእሱ ሁለት እርምጃ ሄዳለች።»

መልእክቱ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት በራ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ኑሪያ አዲስ ጀልባ ሠርታ ውኃ ላይ አወረደች፤ መልስ ግን አልመጣም።