ስልኩ ያልጮኸበት ቀን

የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው የዛፍ ቅርንጫፍ የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ በወደቀ ዕለት ነው።

«ፀሐይ ጣቢያ!» አለች መሐንዲሷ፣ ስልኩን አንስታ።

«መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። ምነው፣ ጥላችሁን ጠፋችሁ?»

ደዋዩ መቆጣት ሲገባው ለስለስ ያለ ድምፅ ነበረው። እሷ ደግሞ በቀን ሦስት ቃል የማትናገር ሰው ነበረች። ከከተማው ውጪ፣ በፀሐይ ሰሌዳዎች መሃል ባለች አንዲት ክፍል ትውልና ማታ ባዶ ቤቷ ትገባለች። የሚያዋያት እንዳይኖር የጣቢያው ዘበኛ እንኳ ጆሮው አይሰማም።

ቅርንጫፍ ወይም ነፋስ ገመዶቹን አነካክቶ መስመር ላይ አጭር ዙር ሲፈጠር ቮልቴጁ ለአፍታ ይወድቃል። የፀሐዩን ኃይል ለመስመሩ የሚያቀብሉት ኢንቨርተሮቿ ያን ጊዜ ወዲያው ራሳቸውን ከመስመሩ ይነቅላሉ። አንዱ ተቃጥሎ ስለነበር ከእሷ በፊት የነበረው ሰው እንዲያ አዟቸዋል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። እነሱ ሲነቀሉ ከተማው ይጨልማል፤ ከተማው ሲጨልም እሱ ይደውላል።

በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ። ከሦስተኛው በኋላ «እርስዎ» ቀረ። ከአምስተኛው በኋላ የሥራው ጉዳይ በአንድ ደቂቃ እያለቀ ወሬው ሃያ ደቂቃ ይቀጥል ጀመር። ስም አልተጠያየቁም፤ እሷ «ፀሐይ ጣቢያ» ናት፣ እሱ «መቆጣጠሪያ»።

«ዛሬስ ምሳ በላሽ?» ይላታል። እንዲህ ብሎ የሚጠይቃት ሌላ ሰው አልነበራትም።

መድኃኒቱን ታውቀው ነበር። ማሽኖቹ ሳይነቀሉ እንዲታገሡ፣ የወደቀውንም ቮልቴጅ ደግፈው እንዲያነሱ የሚያደርግ አዲስ ትእዛዝ ጽፋ፣ ሞክራ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ካስቀመጠች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። የቀራት አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ግን መብራት ካልጠፋ ማን ይደውላል? በራሷ አፈረች፤ ቁልፉን ግን አልነካችም።

በአሥራ ሁለተኛው ጥሪ ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«እናቴ እዚያው እናንተ ከተማ ናት። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ አረንጓዴው በር። በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተነፍሰው። ዛሬ ጎረቤት ባይደርስላት ኖሮ...»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ላስጨንቅሽ? የምትችይውን ሁሉ እንደምታደርጊ አውቃለሁ እኮ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ስልኩን ዘግታ ቁልፉን ተጫነች።

ከአራት ቀን በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። አምፖሉ ደብዘዝ አለና ተመለሰ። ማሽኖቹ ጸኑ፤ በከተማው አንድም ቤት አልጨለመም። እሷ ስልኩ አጠገብ እስኪመሽ ተቀመጠች። አልጮኸም። በማግሥቱም አልጮኸም። በገዛ እጇ ያመጣችው ነው፤ ለማን ታልቅስ?

ከነፋሱ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ራሷ ደወለች። ያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ጣቢያዋ የሚደውለውን ሰው ጠየቀችው።

«እሱ ፈቃድ ወጥቷል፣ እህቴ፤ እናቱ ጋ ሄዷል። ምን ተበላሸ?»

«ምንም።»

«ኧረ! ፀሐይ ጣቢያ አንቺ ነሽ?» ሰውየው ሳቀ። «የነፋሱ ዕለት መዝገቡ ላይ የጻፈውን ላንብብልሽ? ‹መስመር ሦስት፣ አጭር ዙር። ፀሐይ ጣቢያ ሳትቋረጥ አልፋለች። ለመደወል ምክንያት የለኝም።› አለቃችን አይቶ፣ ‹ይኼ የሥራ መዝገብ ነው የፍቅር ደብዳቤ?› ብሎ ጮኸበት።»

አረንጓዴው በር ጋ ስትደርስ የሥራ ሄልሜቷ አሁንም ጭንቅላቷ ላይ ነበር። ከውስጥ የኦክስጅን ማሽኑ ድምፅ ሳይቆራረጥ ይሰማል። አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ያ ድምፅ።

«ፀሐይ ጣቢያ።»

የሚጣደፍ የእግር ኮቴ ተሰማ።

«ምን ተቋረጠ?» አላት በሩን ከፍቶ፣ ደንግጦ።

«ምንም አልተቋረጠም» አለች። «እንዲሁ ነው የመጣሁት።»