የዘበኛው የምስጢር ወዳጅ

ዘበኛው አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ ከንፈሩና ጥፍሮቹ ቀልተው ነበር። ከአልጋው ሥር፣ በካርቶን ማደሪያዋ ውስጥ፣ እንደ ልጅ የሚያቀማጥላት ዶሮው አብራው ሞታለች። መርማሪው ሲደርስ ግን ስለ ዶሮዋ አሟሟት ትንፍሽ የሚል ሰው አልነበረም። ወሬው ሁሉ ስለ ሾርባው ነው።

ሾርባውን የሠራችው የሟቹ ታናሽ እህት፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ናት። ትናንት ጠዋት ዶሮዋ ማድ ቤት ገብታ ዱቄት ብትደፋባት፣ «ዛሬስ ወይ እሷን ወይ አንተን ነው የምቀብረው!» ብላ በወንድሟ ላይ ስትጮህ ግቢው በሙሉ ሰምቷል። ይኸው ሁለቱም ሞቱ። ፖሊሱ ምን ያድርግ? እጇን በካቴና አስሮ በረንዳው ላይ አስቀምጧታል።

«ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!» ትላለች እያለቀሰች።

መርማሪው ባልደረቦቹ «ኤሊ» የሚሉት ዘገምተኛ ሰው ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው እያቃሰተ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እስቲ እትዬ፣ ሾርባውን ስንት ሰዓት ላይ ወሰድሽለት?»

«ጨልሞ ነበር ጌታዬ። ፋኖስ ይዤ ነው የሄድኩት። የትምህርት ቤቱን መብራት ካልፈተሸ እራት አይበላም።»

«ዶሮዋስ?»

«ተኝታ ነበር። ዶሮ ከጨለመ በኋላ ምን ታያለች?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለና መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

በግቢው ውስጥ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ መጋቢው፣ አናጢውና ነርሷ። ቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት ቤቱን እንዲጠግኑ ከባሕር ማዶ ለሁለት ሳምንት የላከቻቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቋንቋውን አንድ ዓመት ሙሉ ተምረው ነው የመጡት። ነገ ከሰዓት በኋላ ይሳፈራሉ። እነሱ ከሄዱ ምስክር የለ፣ ጠበቃ የለ፤ ሴትዮዋ ወንድሟን ሳትቀብር ወኅኒ መውረዷ ነው።

የዘበኛው ክፍል ጠባብ ናት። በሩ አዲስ ነው፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ግጥም ብሏል። ጥግ ላይ አመድ የሞላ የከሰል ማንደጃ አለ። ከጣራው ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሯል። የልብስ ሣጥኑ ቀዳዳው ሥር ተቀምጧል። ከአልጋው ራስጌ ግን የሣጥኑን ልክ የሚያህል፣ አቧራ ያልነካው ቦታ ይታያል። መርማሪው «ወይኔ ጉልበቴ» እያለ ሣጥኑ ላይ ወጣ። በቀዳዳው ሻካራ ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ተሰክታለች። አወረዳት፤ ስፖንጅ ናት።

አናጢው ሲጠየቅ ላብ አጠመቀው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ተኝተህ ነው ጆሮህ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ የቀረው? የማድ ቤቱ በርም አዲስ ማጠፊያ አግኝቷል።»

አናጢው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አይነገርም እኮ! የምስጢር ወዳጅ ነው። ስንመጣ የሁላችንንም፣ የዘበኛውንም የወጥ ቤቷንም ስም ባርኔጣ ውስጥ ጨመርን። እያንዳንዳችን አንድ ስም አወጣን። ለዚያ ሰው ሳይታዩ በጎ መሥራት ነው። ለእኔ ወጥ ቤቷ ደረሰችኝ።» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ጌታዬ፣ ልናገር። የዘበኛውን በር የሠራሁት እኔ ነኝ። የድሮው ስንጥቅጥቅ ያለ ነበር። ያንን ማንደጃ ካየሁ ጀምሮ ሌላ ነገር አላስብም። እኔ እሆን የገደልኳቸው?»

«በሩን መቼ ገጠምከው?»

«ባለፈው ሰኞ።»

«ታዲያ እስከ ትናንት በሰላም አድረዋል። ተረጋጋ።»

መጋቢው ወፍራም ሰው ነው። ከሆዱ ላይ የሸሚዙ ቁልፍ ወልቆ ክሩ ተንጠልጥሏል። የእሱ ዕጣ አናጢው ነበር፤ በየማለዳው ቦቲውን ይቀባለት ነበር። «ጨዋታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በመጨረሻው ቀን ሰውየውን ትከሻውን ይዘን ‹እኔ ነበርኩ› እንለዋለን። ይህን የምናደርገው ነገ ነበር።»

«ለእርስዎስ በጎ የሠራልዎ አለ?»

«እስካሁን ያየሁት የለም።»

ነርሷ በተራዋ መጣች። ዓይኗ ከበረንዳው አይርቅም።

«እህቴ፣ ቀድመሽ የገባሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ። ደወሉ ሳይደወል ሲቀር መጋቢ ላኩኝ። ሞተው አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ገርጥቶ ነበር። ማታ ምን እንደበሉ ጠየቅኩ።»

«ነርስ ከሆንሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ብዙ ነው! ለመሆኑ በዕጣው ማን ደረሰሽ?»

«መጋቢ» አለች ፈጠን ብላ። «የሸሚዛቸውን ቁልፍ ተከልኩላቸው።»

መርማሪው ተነሥቶ ወደ እንግዶቹ መኝታ ክፍል ሄደ። ሲመለስ ኮቱ ሥር አንድ ነገር ይዟል። ሁሉንም አዲስ ቀለም በሚሸት አንድ ክፍል ውስጥ፣ በልጆች አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። ወጥ ቤቷ ካቴናዋ እየተንቃጨለ ገባች።

«ከዶሮዋ ልጀምር» አለ። «ሾርባው የመጣው ከጨለመ ነው። ዶሮ ከጨለመ አትበላም። ስለዚህ ዶሮዋን የገደላት ሾርባው አይደለም። ሰውየውና ዶሮዋ የተካፈሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክፍሉን አየር። ከሰል ያፈነው ሰው ከንፈሩ ይቀላል፤ የእሳቸውም ቀልቷል።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰል ያነዳል!» አለች ወጥ ቤቷ።

«ልክ ነሽ፤ ቀዳዳው ክፍት ነበራ። ትናንት ግን ሰው ደፍኖታል። ሣጥኑን ከራስጌ ስቦ፣ ቀዳዳው ሥር አስጠግቶ፣ ስፖንጅ ወትፎበታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ነቅሎታል። የነቀለው ማንም ሳይገባ በፊት ብቻውን ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነው።»

አናጢው ወደ ነርሷ ዞረ። መጋቢው መሬት መሬት ያያል።

«አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ነርስ ቀይ ከንፈር አይታ ‹ገርጥቷል› አለች። ለምን? የመጋቢን ቁልፍ ተከልኩ አለች፤ ቁልፉ ግን ይኸው እንደወለቀ ነው። ለመጋቢ አናጢው ደረሳቸው፤ ለአናጢው ወጥ ቤቷ። ለዘበኛው በጎ የሠራላቸውስ ማን ነው?» ከኮቱ ሥር ጡጫ የሚያህል ቢጫ ስፖንጅ አወጣ፤ ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሯል። «ከፍራሿ ተቆርጦ፣ ተመልሶ እዚያው ተሰክቶ አገኘሁት። ልክክ ይላል።»

ነርሷ ተነሣች። ስፖንጁን አይታ መልሳ ተቀመጠች።

«ብርድ ልብስ ተከናንበው ከዚያች ቀዳዳ ሥር ሲንቀጠቀጡ አይቻቸው አንጀቴን በሉት። ከፍራሼ ቆርጬ ደፈንኩላቸው። ማታ ከሰል እንደሚያስገቡ አላወቅኩም፤ እግዜር ያውቃል! ጠዋት በሩን ስከፍት ማንደጃውን አየሁ። ወዲያው ገባኝ። ስፖንጁን ነቅዬ በቀሚሴ ሸሸግኩት።»

«ከዚያ ስለ እራቱ ጠየቅሽ።»

«ጠየቅኩ። እሷን ይይዟታል አላልኩም ነበር። ሲይዟት ግን አፌ ተያዘ። ያ ካቴና በተንቃጨለ ቁጥር ‹ተነሺ፣ ተናገሪ› እላለሁ፤ እግሬ እንቢ ይለኛል። በጎ ልሠራ መጥቼ ሰው ገደልኩ፤ ሳያንሰኝ እህቱን አሳሰርኩ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ወጥ ቤቷ አንጓዋን እያሻሸች ወደ ነርሷ ዞረች።

«ያቺን ቀዳዳ በገዛ እጁ ነው የበሳት» አለች። «‹ብርዱን እችለዋለሁ፣ ጭሱን ነው የማልችለው› ይል ነበር። ቋንቋችሁን አንድ ዓመት ተማርን አላችሁን። አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

መርማሪው መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ነርሷን ሊወስዷት ሲሉ ወጥ ቤቷ እጇን ዘረጋች።

«ቆዩ። ጨዋታችሁ መጨረሻው ምንድን ነው አላችሁ?»

«ትከሻውን ይዘን ‹እኔ ነበርኩ› እንለዋለን» አለ መጋቢው በሹክሹክታ።

«እንግዲያው ነይ ንገሪው። ነገ ይቀበራል።»

ፖሊሱ መርማሪውን አየ፤ መርማሪው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጠባቧ ክፍል ሄዱ። ነርሷ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች፤ እጇን በሽማግሌው ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«እኔ ነበርኩ» አለች።

ወጥ ቤቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጮክ በይ» አለቻት። «ጆሮው ይከብደው ነበር።»

ነርሷ ጮክ ብላ ደገመችው።