በማደሪያው የተጠራው ስም

ጋኔን አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያወራ ቁጭ ብዬ የማዳምጥ ሴት አልነበርኩም፣ ተነስቼ ሽንኩርቴን ነው የምልጠው፣ ባሌም ወታደር ነውና በየበረሃው አድሮ «ከሰው ሌላ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም» ይላል፣ እኔም እሱኑ አምኜ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ወሬ አምሮኝ አይደለም፣ ከብዶኝ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄ ናት፣ የራሷን ስታጠና እኔንም አጠገቧ አስቀምጣ፣ እናም ጽሑፌ ቢንጋደድ አትታዘቡኝ።

ልጄ ትርፌ ትባላለች። ከእሷ በፊት የወለድኳቸው አልቆዩልኝም፣ እሷ ስትተርፍ ስሟ ትርፌ ሆነ፣ የክርስትና ስሟን ግን ደበቅኩት። ያገራችን ልማድ ነው፣ የክርስትና ስም የነፍስ በር ነው፣ ክፉ ካወቀው በዚያ ይጠራል ይባላል፣ ሌላዋ እናት ከሰው ደብቃ ለልጇ ትነግራለች፣ እኔ ግን ለራሷም አልነገርኳት፣ በሕፃንነቷ ስትቆርብ እንኳ ባጠመቋት ቄስ ጆሮ የማንሾካሹክላት እኔ ነበርኩ። እኚያ ቄስ ጎንደር ዐርፈዋል፣ ክርስትና እናቷም ተከትላቸዋለች፣ አባቷ ያን ጊዜ ዘመቻ ላይ ነበር። እንግዲህ ያንን ስም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እዚህም አልጽፈውም፣ ይቅር በሉኝ።

በዚያ ዘመን የምንኖረው ደቀምሐረ ነበር፣ ባሌ እዚያ ተመድቦ። ትርፌ አሥመራ ኮሌጅ ሲደርሳት ደስታው አንድ ቀን ሳይሞላ የት ትደር የሚለው ጭንቀት መጣ፣ አባቷ ፈቃድ ስላላገኘ እኔና እሷ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርን። እኔ በልቤ መርጬ ጨርሻለሁ፣ ጎዳይፍ በሚሉት የአሥመራ ሰፈር አንዲት ያገሬ ሴት ግቢዋ ውስጥ የምታከራያት ክፍል አለች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ፣ ሴትዮዋ ጨዋ። ልጄ የምትፈልገው ደግሞ ሌላ ነው፣ ቶሎ የማይጠፋ መብራት፣ አብረዋት የሚያጠኑ ሴቶች፣ ከኮሌጁ በእግር የሚደረስ ቦታ።

«ጀምበር ሳትጠልቅ መግባት ነው፣ ጓደኛ ይዞ መምጣት የለም፣ መብራትም በጊዜ ይጠፋል» አለች ያገሬ ሴት፣ ጎዳይፍ ቤቷ ስንደርስ። ትርፌ ክፍሏን አየች፣ ጥግ ላይ የሰፈሩትን ዶሮዎች አየች፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«እማዬ፣ ከነዚህ ጋር ነው የማጠናው?» አለችኝ።

«ዶሮ በጊዜ ተኝቶ በጊዜ ይነሳል፣ ምን አለው?»

«እንቁላል ጥዬ ልመረቅ በይኛ።»

ሳቄን ዋጥኩ፣ ግን ተሸነፍኩ፣ እሺ ያንቺንም እንየው ብዬ ወደ ኮሌጁ የሴቶች ማደሪያ ሄድን።

ከፌርማታው ስንወርድ ቀትር ሆኗል። አሥመራ በዚያ ሰዓት ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃታል፣ ሱቁ ሁሉ መዝጊያውን አውርዶ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ይተኛል፣ ከጣልያን የተማሩት ነው ይላሉ፣ በሰፊው ጎዳና ላይ የራሳችሁን ጫማ ድምፅ ትሰማላችሁ። እኔ ባደግኩበት ግን ቀትር የሚፈራ ሰዓት ነው፣ ባዶ ቤት ብቻውን የሚቀመጥ የለም፣ ስሙ ሲጠራም ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አቤት የሚል የለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አላምንም ነበር እንጂ።

የማደሪያው ኃላፊ ኣደይ ምሕረት፣ እናቴ ምሕረት እንደማለት ነው፣ የሚሏቸው ወፍራም ሴት ናቸው፣ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰናቸው እንኳ ፊታቸው አልከፋም። የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት መግቢያ ደረጃውን ወጣን፣ ላይ ረጅም አዳራሽ ነው፣ የብረት አልጋዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ በያንዳንዱ መሃል ነጭ መጋረጃ፣ ከወዲያ ዳር የእጅ መታጠቢያ።

«ሴቶቹ ገና አልመጡም፣ ቀድሞ የመጣ ይመርጣል» አሉ። ትርፌ ካንዱ አልጋ ወደ ሌላው እየተቀመጠች ትጠይቃለች፣ መብራት መቼ ይጠፋል፣ እሑድ መውጣት ይቻላል ወይ።

«እወ ጓለይ፣ አዎ ልጄ፣ ከጓደኛ ጋር ይቻላል፣ ብቻሽን ግን ኣይፋል።»

«የማጥኛ ክፍልስ?»

«ታች አለ፣ ነይ ላሳይሽ።»

እኔ እግሬ አብጧል፣ ሂዱ ብዬ በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ተቀመጥኩ፣ አንድ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ተኝተሽ ነው የሚሉኝ አሉ፣ አልተኛሁም፣ እመኑኝ፣ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ እግሬ ስር እስካሁን አለ።

መጀመሪያ የመታጠቢያው ቧንቧ ነው፣ ጠብ ጠብ ሲል የነበረው ሰው እንደዘጋው ቀጥ አለ። ቀጥሎ ከመስኮቱ በኩል የአልጋ ሽቦ ሲጥ አለ፣ ሰው በቀስታ ሲቀመጥ እንደሚለው፣ ድመት ትሆናለች አልኩ። ከዚያ የመጋረጃ ቀለበቶች በሽቦው ላይ ተንሸራተቱ፣ ነፋስ ነው አልኩ፣ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጫማዬን ላጠልቅ ጎንበስ አልኩ።

ከመጋረጃው ኋላ አንዲት ልጄን ጠራቻት። የሴት ልጅ ድምፅ ነው፣ ቁጣ የለበትም፣ ጓደኛዋን እንደምትፈልግ ተማሪ ነው፣ የጠራቻት ግን ትርፌ ብላ አይደለም። በዚያኛው ስም ነው። ከእኔ አፍ በቀር ከሌላ አፍ የማይወጣውን ስም፣ እኔ እንደምለው አድርጋ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጋ።

ሦስት ጊዜ ካልሆነ አቤት አይባልም። ደግማ ጠራቻት። ከታች የልጄ ሳቅ ይሰማኛል፣ ደረጃውን ጀምራለች፣ መጥታ ብትሰማስ፣ ስሟ መሆኑን ሳታውቅ እንኳ ነፍሷ አውቃ አቤት ብትልስ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠራት አፌ ቀደመኝ። «አቤት» አልኩ፣ በልጄ ፈንታ፣ የመጣው በእኔ ይምጣ ብዬ።

የአልጋው ሽቦ ደግሞ ሲጥ አለ። ከዚያ፣ ስልችት ባለው ድምፅ፣

«አንቺን አይደለም» አለች።

ትርፌና ኣደይ ምሕረት ሲገቡ አንድ እግሬን ባዶ አድርጌ በአዳራሹ መሃል ቆሜያለሁ። መጋረጃውን ገልጫለሁ፣ ማንም የለም፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ብርድ ልብሱ ላይ ግን ሰው ተነስቶ የሄደ የሚመስል ስርጉድ ነበር።

«እዚህ ሰው አለ?» አልኳቸው።

«ኣይፋል ኣደይ፣ እኛ ብቻ ነን። ምነው ፊትሽ?»

«ይኸኛው ነው!» አለች ትርፌ፣ ሄዳም ስርጉዱ ላይ ቁጭ አለች። «እማዬ፣ ብርሃኑን እዪው፣ መጽሐፌን በመስኮቱ አነበዋለሁ።»

«ይቅር፣ ጎዳይፍ ይሻላል።»

«ለምን?»

«አልወደድኩትም።»

«ምኑን?»

ምን ልበላት? ምክንያቱን ልንገር ካልኩ ስሙን መንገሬ ነው፣ ስሙን ከነገርኳት ደግሞ በስሟ ለሚጠራት በሩን የምከፍትለት እኔው ነኝ። «እንዲሁ» አልኩ። ልጄ ፊቷ ወደቀ፣ ኣደይ ምሕረት ሳቁና «የምትተኛው እሷ፣ የማትወጂው አንቺ» አሉኝ። ድካሜ አሸነፈኝ፣ እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ለክርክር የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። ያንኑ አልጋ ያዘች።

ባሌ ስነግረው፣ ስሙን ሳልነግረው ማለቴ ነው፣ «እግርሽ ሲያብጥ ጆሮሽም አብጦ ነው» አለ። የንስሐ አባቴ ደግሞ «በቀትር ባዶ ቤት ማን ተቀመጪ አለሽ?» ብለው ተቆጡና ጠበል ሰጡኝ፣ ፍራሿን ሳደርስ ያንን አልጋ ዙሪያውን ረጨሁት፣ ኣደይ ምሕረት አቧራ ለማጥፋት መስሏቸው አመሰገኑኝ።

ትርፌ ለገና ደቀምሐረ መጣች። ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ ጓደኞቿን ስታወራ አትጠግብም፣ እኔ ከመረጥኩላት ራሷ የመረጠችው ተሻላት ብዬ ልቤ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። በበዓሉ ማግስት ቀትር ላይ ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ትታጠባለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እኔ ከማጀቱ በር ቆሜ፣ ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም፣ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን ያንን ስም፣ ቀስ ብዬ ጠራሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።

«መጣሁ አልኩ እኮ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ በየቀኑ የሚጠሩት ሰው እንደሚሰለቸው ሰልችቷት።

ከዚያ ዞረች፣ አረፋው ዐይኗ ላይ እየወረደ። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ማን መስሎሽ ነው?»

ጥቂት አየችኝ። «እንዲሁ» አለችና ውሃውን በራሷ ላይ ደፋችው።

በማግስቱ ወደ አሥመራ ተመለሰች፣ ትምህርቷ ነውና አትሂጂ ማለት አልቻልኩም። አሁን ቀትር በሆነ ቁጥር የያዝኩትን ሥራ አስቀምጣለሁ፣ ሽንኩርቱንም ቢላዋውንም፣ ባሌ ምን ሆነሻል ይለኛል። በዚህች ሰዓት እዚያ መስኮት አጠገብ ልጄን እየጠሯት ይሆናል፣ እሷም መጣሁ እያለች።